ማን ጨመረ? ማን ቀነሰ?

ሜይ 19 ቀን 303፣ በሰሜን አፍሪካዋ ኪርታ ከተማ፣ የከተማው ሹም ጸሐፊዎቹንና አሽከሮቹን አስከትሎ ክርስቲያኖች ወደሚሰበሰቡበት ቤት ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ኪርታም ዛሬ በአልጄሪያ ኮንስታንቲን የምትባለው ከተማ ናት።) ትእዛዙ የመጣው ከንጉሠ ነገሥቱ ከዲዮቅልጥያኖስ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ይፍረሱ፣ መጻሕፍታቸው ይቃጠሉ ይላል። ጸሐፊው የተገኘውን ንብረት አንድ በአንድ እየቆጠረ መዘገበ፤ 2 የወርቅ ጽዋ፣ 6 የብር ጽዋ፣ 82 የሴት ቀሚስ፣ 47 ጥንድ የሴት ጫማ። የመጻሕፍቱ ክፍል ሲከፈት ግን ሣጥኖቹ ባዶ ሆነው ተገኙ።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ንፍቀ ዲያቆን አንድ ትልቅ ጥራዝ ብቻ ይዞ ቀረበ። ሌላውስ የት ደረሰ ተብሎ ሲፋጠጥ፣ እሱ ንፍቀ ዲያቆን እንጂ አንባቢ እንዳልሆነና መጻሕፍቱ ያሉት አንባቢዎቹ ዘንድ እንደሆነ ተናገረ። ፍተሻው ቤት ለቤት ቀጠለ። ከአንዱ 4፣ ከሌላው 5፣ ከሌላው 8 ጥራዝ ተለቀመ። አንደኛው አንባቢ የሰዋስው መምህር ነበርና ከቤቱ 2 ጥራዝና ገና ያልተጠረዙ ክፍሎች ወጡ። ሌላኛው ከቤት አልነበረም፤ ሚስቱ 6 ጥራዝ አውጥታ አስረከበች። ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ በ320 ዓ.ም. በሌላ ክስ ማስረጃ ሆኖ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ለእኛ ዘመን የተረፈውም በዚያ ሰበብ ነው።

በዚያው ስደት የካርታጎው ኤጲስ ቆጶስ መንሱርዮስ ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ቅዱሳት የሚላቸውን መጻሕፍት ደበቀና መናፍቃን የጻፏቸውን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለፈታሾቹ ተወላቸው። እነሱም የፈለጉትን ያገኙ መስሏቸው ይዘው ሄዱ። የቲቢዩካው ኤጲስ ቆጶስ ፊልክስ ግን አለኝ፣ አልሰጥም ብሎ አንገቱን ሰጠ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። መንሱርዮስ የሚደበቀውን ከሚጣለው ሲለይ በእጁ ያለ የጉባኤ ውሳኔ አልነበረም። የኒቅያ ጉባኤ የተሰበሰበው ከዚያ 22 ዓመት ቆይቶ ነው። ሆኖም የትኛው መጽሐፍ ሊሞቱለት እንደሚገባ፣ የትኛውን ደግሞ ወታደር ቢወስደው ግድ እንደሌለው ሰውየው በደንብ ያውቃል።

በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ በሻይ ቤትም ሆነ በዩቲዩብ፣ ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚዘጉ ሰዎች አይጠፉም፤ «መጽሐፍ ቅዱስን የመረጠው ቆስጠንጢኖስ ነው፤ በኒቅያ ድምፅ ተሰጥቶ የማይፈለገው ተጣለ» ይላሉ። የኒቅያ ጉባኤ በ325 ዓ.ም. ስለ አርዮስ ተከራክሯል፣ ስለ ፋሲካ ቀን ተነጋግሯል፣ 20 ቀኖናዎችንም ደንግጓል። ከ20ዎቹ ውስጥ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር የሚናገር አንድ እንኳ የለም። በኒቅያ አባቶች ስም የተጠራውን የሠለስቱ ምዕትን ቅዳሴ በምትቀድስ አገር ውስጥ ይህ ተረት መግነኑ ይገርማል። ምንጩ 500 ዓመት ዘግይቶ የተጻፈ የግሪክ ዜና መዋዕል ነው፤ አባቶች መጻሕፍቱን ሁሉ በመንበሩ አጠገብ አስቀምጠው ቢጸልዩ እውነተኞቹ ከላይ ሆነው ተገኙ፣ ሐሰተኞቹ ከሥር ቀሩ ይላል። በ18ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊው ቮልቴር ሊያላግጥበት አነሣው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የዳን ብራውን ልብ ወለድ ቆስጠንጢኖስን ዋና መራጭ አድርጎ ለዓለም ቸበቸበው።

በኢትዮጵያ ግን ከዚህ የከረረ የራሳችን ሙግት አለ። አንዱ ወገን፣ ወንጌላዊው፣ 66 መጻሕፍት ይዞ ሌላውን «ጨመራችሁ» ይላል፤ ሌላው፣ ኦርቶዶክሱ፣ 81 ይዞ «ቀነሳችሁ» ይላል። ሁለቱ ተሟጋቾች አንድ ነገር ላይ ሳያውቁት ተስማምተዋል፤ ከጥንት ተጠርዞ፣ ተቆጥሮና ታሽጎ የተሰጠ አንድ መጽሐፍ ነበር፣ ከዚያ ላይ አንዱ ወገን ቆረጠ ወይም ለጠፈ የሚል። ታሪኩ ግን እንዲህ ያለውን ጥራዝ አያውቅም።

የሚያውቀው አንባቢዎችን ነው። በ2ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ሮም የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በእሑድ ጉባኤ የሐዋርያት ማስታወሻዎች ወይም የነቢያት መጻሕፍት ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ ይነበቡ እንደነበር ጽፏል። በ180 ዓ.ም. በካርታጎ ለፍርድ የቀረቡ ከስኪሊ የመጡ ተራ ምእመናን ሣጥናችሁ ውስጥ ምን አለ ተብለው ሲጠየቁ፣ መጻሕፍትና የጳውሎስ መልእክቶች መሆናቸውን መልሰዋል። እነዚህ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ የማንንም የቀኖና ዝርዝር አላዩም። በጉባኤያቸው የሚነበበውን ግን ተሸክመው ሞት ፊት ቆሙ።

ዛሬም ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ዲያቆኑ ከጳውሎስ፣ ንፍቀ ዲያቆኑ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ንፍቅ ካህኑ ከግብረ ሐዋርያት ያነባሉ፤ ምስባክ ተሰብኮ ወንጌል ይከተላል። የዕለቱን ምንባብ የሚወስነው ግጻዌ ነው። ለጥንቱ ምእመን «ቅዱስ መጽሐፍ» ማለት በዚህ ቦታ ቆሞ የሚነበብ ማለት ነበር። ጥያቄው የመጣው፣ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ መጽሐፍ ይዞ የሚቆም ሰው ሲገኝ ነው።

ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ማርቅዮን ነው። የጥቁር ባሕር ወደብ ከሆነችው ከሲኖፔ ወደ ሮም የመጣ የመርከብ ባለቤት ነበር፤ ለማኅበሩ 200,000 ሴስተርስ ሰጥቷል። ብሉይ ኪዳንን ጥሎ፣ ከወንጌሎች የሉቃስን ብቻ ያውም ቆርጦ፣ ከጳውሎስም 10 መልእክት ይዞ «ይኸው ነው» አለ። በ144 ዓ.ም. ገደማ ገንዘቡን መልሰው አስወጡት። ከእሱ በኋላ ታትያን በተቃራኒው አራቱን ወንጌላት ፈትቶ አንድ ወጥ ታሪክ አድርጎ አዋሐዳቸው። የሶርያ ምእመናን ወደዱት፤ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ወንጌላቸው እሱ ነበር። የሊዮኑ ሄሬኔዎስ በ180 ዓ.ም. ገደማ ወንጌል አራት እንጂ ከአራት በላይም በታችም ሊሆን አይችልም ብሎ ሲሟገት፣ ማስረጃ ያደረገው አራቱን ነፋሳትና አራቱን የዓለም ማዕዘናት ነው። ማስረጃው ዛሬ ላለ አንባቢ የሚያሳምን አይመስልም። ይሁንና አራቱ ወንጌላት በሄሬኔዎስ ክርክር አልጸደቁም፤ እሱም በዙሪያው ላገኘው ልማድ ምክንያት ሰጠው እንጂ አልፈጠረውም።

መጻሕፍትን የመለየቱን ሥራ አካሄድ ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ የሰራፕዮን ጉዳይ ነው። በ200 ዓ.ም. አካባቢ ሰራፕዮን በሀገረ ስብከቱ ያለችውን ሮሶስ የምትባል ከተማ ሊጎበኝ ሄደ። ምእመናኑ በጴጥሮስ ስም የተጠራ ወንጌል ይነበብ፣ አይነበብ ብለው ተጣልተዋል። ሰራፕዮን መጽሐፉን አላየውም። ሰዎቹ ሃይማኖታቸው የቀና መስሎት፣ ጠባችሁ በዚህ ብቻ ከሆነ አንብቡት ብሎ ሄደ። አንጾኪያ ሲመለስ ግን መጽሐፉ ከማን እጅ እንደወጣ ሰማ፤ የክርስቶስ ሥጋ እውነተኛ አይደለም፣ ምትሐት ነው ከሚሉት ወገን ነው። ቅጂውን ከእነሱው ተውሶ አነበበው። አብዛኛው ከቀናው ትምህርት ጋር የሚስማማ፣ ጥቂቱ ግን የተጨመረ ሆኖ አገኘው። የተጨመረውን እየነቀሰ ለሮሶስ ሰዎች ጻፈ፤ ቶሎ እመጣለሁም አላቸው።

ይህን ታሪክ ያቆየልን የቂሣርያው አውሳብዮስ ነው። ሰራፕዮን መጽሐፉን በስሙ ብቻ አልጣለውም፤ የጴጥሮስ ስም ስላለበት ብቻም አልተቀበለውም። ፈቀደ፣ ጠየቀ፣ አነበበ፣ ሐሳቡን ለወጠ። የሐዋርያ ስም ይዟል ወይ? ከአባቶች የተቀበልነው ነው ወይ? ከምናምነው ጋር ይገጥማል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በየሀገረ ስብከቱ እየተነሡ ነበር፤ መልሱም በየቦታው አንድ ዓይነት አልነበረም።

ጣልያናዊው ሙራቶሪ በሚላኖ ቤተ መጻሕፍት አግኝቶ በ1740 ያሳተመው የቆየ የመጻሕፍት ዝርዝር አለ። ብዙ ሊቃውንት ወደ 2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያወጡታል። የሄርማስ «እረኛው» በግል ይነበብ፣ በጉባኤ ግን አይነበብ ይላል፤ የተጻፈው በቅርቡ ነውና። የጴጥሮስን ራእይ ደግሞ ይቀበልና፣ ከእኛ መካከል በቤተ ክርስቲያን መነበቡን የማይወዱ አሉ ብሎ ያክልበታል። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም በሲና የተገኘው ታላቁ የ4ኛው መቶ ዓመት ብራና የበርናባስን መልእክትና ሄርማስን ከአዲስ ኪዳን ጋር ጠርዞ ይዟል። የሚገርመው፣ የጴጥሮስ ራእይ ዛሬ ከሞላ ጎደል ሙሉ ቃሉ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ሄርማስም በግእዝ አለ፤ በ1860 ታትሟል። ሁለቱም ግን ከሰማንያ አሐዱ አይቆጠሩም። ኢትዮጵያ ብዙ መጻሕፍትን አቆይታለች፤ ያቆየችውን ሁሉ ግን ቅዱስ መጽሐፍ አላለችም።

አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጻሕፍቱን ሲደለድል ሁሉ የተቀበላቸው፣ የሚያከራክሩና የማይቆጠሩ ብሎ ለያቸው። ከሚያከራክሩት መካከል ያስቀመጣቸው የያዕቆብና የይሁዳ መልእክት፣ ሁለተኛው ጴጥሮስ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዮሐንስ ናቸው። የዮሐንስ ራእይ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ተንቀጠቀጠ ማለት ይቻላል፤ ከተቀበላቸውም አስገባው፣ ከማይቆጠሩትም አስገባው፣ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ዓይነት ቃል ጨምሮ። ከእሱ በፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ የራእዩን ግሪክኛ ከዮሐንስ ወንጌል ግሪክኛ ጋር አስተያይቶ፣ አንድ ሰው የጻፋቸው አይመስልም ብሎ ነበር። የሶርያው የቆየ ትርጉም ፕሺታ አዲስ ኪዳኑ 22 መጽሐፍ ነው፤ ራእይም ሁለተኛው ጴጥሮስም ይሁዳም የሉበትም። የግሪክ ኦርቶዶክስ ራእይን ትቀበላለች፤ በቅዳሴ ምንባቧ ግን አታነበውም።

ይህ በእኛ ክርክር ላይ ቀልድ የሚመስል ነገር ያመጣል። 66 ይዞ «ጨመራችሁ» የሚለውም፣ 81 ይዞ «ቀነሳችሁ» የሚለውም የሚጠቅሰው አንድ ጥቅስ ነው፤ በዮሐንስ ራእይ መጨረሻ ለሚጨምርና ለሚያጎድል የተነገረው ማስጠንቀቂያ። ያ ማስጠንቀቂያ የተነገረው ስለዚያው ስለ ራእይ መጽሐፍ ነው። ሲጻፍ 66ም 81ም የሚባል ጥራዝ አልነበረም። የሰፈረበት መጽሐፍ ራሱም ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት እጅግ ካከራከሩት አንዱ ነው።

ዛሬ ሁሉም የሚያውቃቸው 27 የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨመርም ሳይቀነስም ተዘርዝረው መጀመሪያ የሚገኙት በ367 ዓ.ም. የእስክንድርያው አትናቴዎስ ለፋሲካ በላከው 39ኛው መልእክቱ ነው። ይህ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጵጵስና ሾሞ ወደ አክሱም የላከው ነው። ስለ ብሉይ ኪዳን በዚያው መልእክት የጻፈው ለሁለቱም ወገኖቻችን አይመችም። አስቴርን ከቀኖና አውጥቶ ለንባብ ከሚጠቅሙት ጋር መድቧታል፤ ባሮክን ግን ከኤርምያስ ጋር በቀኖና አስገብቷል። በሄኖክ ስም የሚዞሩ መጻሕፍትንም ነቅፏል፤ ከሙሴ በፊት መጽሐፍ የለምና ማን ለየዋሃን ሄኖክ ጻፈው አላቸው በሚል መንገድ። የአክሱምን የመጀመሪያ ጳጳስ የሾመው ሰው ሄኖክን አልተቀበለም፤ አክሱም ግን ሄኖክን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ተርጉማ ያዘችው።

እንዴት ሆነ ቢባል፣ በዚያ ዘመን ሄኖክ የተጣለ መጽሐፍ ስላልነበር ነው። የይሁዳ መልእክት በቁጥር 14ና 15 ሄኖክን በስሙ ጠርቶ ትንቢቱን ያነሣል፤ ቃሉም በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 1 ይገኛል። ተርቱልያኖስ በ3ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ለሄኖክ ጥብቅና ቆሟል፤ በጥፋት ውኃ ጊዜ ኖኅ ሊያቆየው ይችል ነበር እስከ ማለት። ሄሮኒሞስና አውግስጢኖስ ግን አልተቀበሉትም፤ በግሪክና በላቲን ዓለም ቀስ በቀስ የሚገለብጠው ጠፋ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ከኢትዮጵያ ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ ሲደርስ መጽሐፉ እንደ አዲስ ግኝት ታየ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ በእንግሊዝኛ አሳተመው። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ፣ የመጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ በዕብራይስጥ ተገኙ፤ ሁለቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት ይነበቡ እንደነበር ተረጋገጠ። በግእዝ ሙሉውን ያቆዩት የኢትዮጵያ ገዳማት ብቻ አይደሉም፤ ቤተ እስራኤልም አብረው አቆይተውታል።

ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ትምክህት ሲጨመርበት ግን ይበላሻል። በፌስቡክና በቲክቶክ «ጥንታዊው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የኢትዮጵያ ነው፤ ሄኖክም አለበት» እየተባለ የዓድዋው የአባ ገሪማ ብራና ፎቶ ይለጠፋል። የአባ ገሪማ ብራናዎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተመደቡ ድንቅ ቅርሶች ናቸው፤ ነገር ግን የያዙት አራቱን ወንጌላት ነው። ሄኖክ የለባቸውም። እስካሁን የታወቁት የግእዝ ሄኖክ ብራናዎች ከ14ኛው ወይም ከ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ኋላ አይሄዱም። 

ሄኖክን በኢትዮጵያም ቢሆን ሁሉ ሰው አንድ ልብ ሆኖ አልተቀበለውም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) በመጽሐፈ ሚላድ ሄኖክን አንቀበልም የሚሉትን አጥብቆ ይሞግታል። ንጉሥ ብዕር አንሥቶ የሚሟገተው ተከራካሪ ሲኖር ነው። ሰማንያ አንድ የሚለውን ቁጥር ያጸናው ፍትሐ ነገሥት ነው፤ እሱም በግብፅ በዐረብኛ ከተሰናዳ የሕግ መጽሐፍ የተተረጎመ ነው። በውስጡ ያለውን ዝርዝር ብቻ ይዞ የቆጠረ ሰው 81 አይሞላለትም፤ የቀረውን አስልተው የሞሉት የአንድምታ መምህራን ናቸው። አቆጣጠራቸውም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ብሉይ 46፣ ሐዲስ 35 ይሆናል፤ በሐዲሱ ላይ አራቱ የሲኖዶስ ክፍሎች፣ ሁለቱ የኪዳን መጻሕፍት፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ ይገባሉ። በሁለተኛው ብሉይ 54፣ ሐዲስ 27 ነው። ድምሩ አንድ፣ መጻሕፍቱ ግን የተለያዩ።

ይህን ሲሰማ «እንግዲያው 66ቱ ትክክል ነው» ብሎ የሚፈጥን ካለ፣ የራሱን ወገን ታሪክ ያንብብ። በ1522 ማርቲን ሉተር አዲስ ኪዳንን በጀርመንኛ ሲያሳትም ዕብራውያንን፣ ያዕቆብን፣ ይሁዳንና ራእይን ከመጨረሻ አስቀምጦ በማውጫው ቁጥር ነፍጓቸዋል። ተከታዮቹ ግን በዚህ አልተከተሉትም፤ ሕዝቡ ሲያነባቸው የኖረ መጻሕፍት ስለነበሩ በቦታቸው ጸኑ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ዝርዝሯን በእርግማን ያተመችው በ1546 በትሬንት ነው፤ ያውም 24 ደግፈው፣ 15 ተቃውመው፣ 16 ድምፅ ተዐቅበው። ድምፅ ተሰጠበት የሚባለውን ጉባኤ የሚፈልግ ሰው በኒቅያ ሳይሆን በትሬንት ያገኘዋል፤ ከጰንጠቆስጤ ዕለት 1,500 ዓመት ያህል ቆይቶ።

የሥልጣን እጅ አልነበረበትም ማለት ደግሞ የዋህነት ነው። ቆስጠንጢኖስ በመንግሥት ወጪ 50 መጽሐፍ ቅዱስ አስጽፏል። በ5ኛው መቶ ዓመት የቂሮሱ ቴዎዶሪጦስ በሀገረ ስብከቱ ይነበብ የነበረውን የታትያንን ውሑድ ወንጌል ከ200 ቅጂ በላይ ሰብስቦ አስወግዶ፣ አራቱን ወንጌላት ተክቷል። ይሁን እንጂ የጳጳስ ትእዛዝ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ፣ በ367ቱ መልእክት መሠረት ሄኖክ ከኢትዮጵያ መውጣት፣ አስቴርም በሁሉም ዘንድ ከቀኖና ውጭ መቅረት ነበረባት። ምእመኑ የሚያምነው መንፈስ ቅዱስ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሠርቷል ብሎ ነው፤ ይህን ጋዜጣ ሊመዝነው አይችልም። ጋዜጣ ሊል የሚችለው፣ ሥራው የተሠራው በአንባቢ፣ በገልባጭ፣ በተርጓሚና አንዳንዴም መጽሐፍ በቤቷ ባቆየች ሚስት እጅ እንደሆነ ነው።

ስለዚህ «ጨመራችሁ፣ ቀነሳችሁ» የሚለው ሙግት መድረክ ላይ ቢጨበጨብለትም የሚያደርሰው የለም። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ መቼ፣ ከየትኛው ቋንቋ፣ በማን ጉባኤ ሊነበብ ገባ? ይህን ለመመለስ ኢትዮጵያ ያላትን ያህል ማስረጃ ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው። ግን በአንድ ጥራዝ ታትሞ በምእመኑ እጅ የሚገኘው ሰማንያ አሐዱ ሲኖዶስን፣ ኪዳንን፣ ቀሌምንጦስንና ዲድስቅልያን አያካትትም፤ ስለ 81 የሚሟገተው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ስምንት መጻሕፍት በዓይኑ አላያቸውም። በወንጌላውያን ነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ያለው ተማሪም የይሁዳን መልእክት ከሄኖክ አንደኛ ምዕራፍ ጎን አስቀምጦ ማንበብ ይገባዋል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስምንቱን ከነአንድምታቸውና ከነትርጉም ታሪካቸው በአንድ ጥራዝ ቢያሳትሙ፣ የሁለቱም ወገን ተማሪዎች ከዚያ ላይ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ብራናዎቹ በየገዳሙና በየቤተ መጻሕፍቱ አሉ፣ ብዙዎቹም በፎቶ ተነሥተዋል።